ለአንድ ወር ጣሊያንኛ ልማር ብል ያዋጣል?

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ክረምት ኮርስ ነው። ጣሊያን ሄዶ፣ ጥቂት ሳምንት ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተምሮ ስለመመለስ። ለአዲስ አንባቢ ራሴን ላስተዋውቅ፦ እኔ ፔሩጃ ለትምህርት መጥቼ እዚያው ጣሊያን የቀረሁ ሴት ነኝ። እንጀራዬ አስተርጓሚነት ነው። ሰኔ ሲገባ ለኮርስ የሚመጡ የሀገር ልጆች በሬን ያንኳኳሉ። ለአንዱ ክፍል እፈልጋለሁ፣ ለሌላዋ የኪራይ ውል አነባለሁ፣ ሌላው ደግሞ በርበሬ ይዞልኝ ይመጣል። የምጽፈውም ከዚያ ያየሁትን ነው።

እኛ ክረምት የምንላቸው ወራት እዚህ ጠራራ ፀሐይ ናቸው። ወፍራም ጃኬት ይዞ የመጣ ልጅ አውቃለሁ። ዓመተ ምሕረት ስጠቅስ ካልነገርኳችሁ በቀር በፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ ስድስት ኪሎ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ጣሊያንኛ እዚሁ አዲስ አበባ በጣሊያን ባህል ተቋም ጀምሬ መካከለኛው ደረጃ ቢ1 ደርሻለሁ። ሐምሌ ላይ ለአንድ ወር ሄጄ ልማር አስቤአለሁ። ፍሎረንስ፣ ሲዬና እና ፔሩጃ አምታተውኛል። የቱ ይሻለኛል? በአንድ ወር የጥንቱን የጣሊያን ባለቅኔ ዳንቴን ማንበብ እችላለሁ? የቪዛውስ ነገር? (ዲ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከቪዛው ልጀምር። ቪዛ ሳይገኝ ከተማ ማማረጥ ትርፉ ድካም ነው።

ኮርስህ ከ90 ቀን ስለማያልፍ የምትጠይቀው የአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ ነው። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል። ውሳኔው በደንቡ 15 ቀን ነው። ማጣራት ካስፈለገ ግን እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። ክረምት ላይ ሁሉም ሰው ስለሚሄድ ቀጠሮ ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ መጋቢት ላይ ወረቀትህ ያለቀለት ይሁን። ትምህርት ቤቱ የሚልክልህ ደብዳቤ ኮርሱ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነም ይናገር። የከፈልክበት ደረሰኝ፣ የምታድርበት ቤት፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን፣ የባንክ መግለጫም ያስፈልጉሃል። ባንኩ ላይ ጠንቀቅ በል። ለወራት ባዶ የከረመ ሒሳብ ማመልከቻ ሊገባ ሲል ድንገት ቢያብጥ ያስጠረጥራል። የሚከፍልልህ አጎትህ ከሆነ አጎቴ ነው በልና የእሱን ወረቀት አያይዝ። መስከረም ላይ ትምህርትህ እንደሚቀጥልም ከዩኒቨርሲቲህ ደብዳቤ ያዝ።

«ለምን ጣሊያንኛ?» መባልህ አይቀርም። «ባህላቸውን ስለምወድ» ሁሉም የሚለው ነገር ነው፤ ማንንም አያሳምንም። አንተ እኮ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነህ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በ1908 የታተመው ሮም ነው። ደራሲው ኔፕልስ አማርኛ ያስተምር ነበር። ይህንን ከጥናትህ ጋር አያይዘህ ከተናገርክ ጣሊያንኛ ምን ያደርግልሃል ብሎ የሚሟገትህ አይኖርም። ገንዘብ ካጠረህ የጣሊያን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በየዓመቱ ለውጭ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ያወጣል። የትኛው ዓይነት ትምህርት እንደሚካተት የዓመቱን ማስታወቂያ አንብብ።

ወደ ከተሞቹ እንምጣ። እኔ ፔሩጃ ስለተማርኩ አድልዎ አለብኝ፤ ይህንን እያወቅክ ስማኝ።

ፍሎረንስን ማንም አይጠላትም። የቋንቋው ጠባቂ የሚባለው አካዳሚያ ዴላ ክሩስካ በ1583 የተቋቋመው እዚያ ነው፤ የመጀመሪያውን መዝገበ ቃላቱንም በ1612 አወጣ። ግን ሐምሌ ላይ ከተማዋ በቱሪስት ትጥለቀለቃለች። ቡና ልታዝ በጣሊያንኛ አፍህን ስትከፍት አስተናጋጁ በእንግሊዝኛ ይመልስልሃል። ሰውየው አልበደለም፤ ወረፋው ረጅም ነው። ቢ1 ላይ ላለ ሰው ግን በቀን አሥር ጊዜ እንዲህ መሆን ሞራል ይሰብራል።

ሲዬና የውጭ ዜጎች ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ትንሽ ናት፣ ሰዎቿም ያወሩሃል። ፓሊዮ የሚባለው የፈረስ ግልቢያ በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻና ነሐሴ ላይ፣ በእነሱ ጁላይ 2 እና ኦገስት 16 ይካሄዳል። በእነዚያ ቀናት ማደሪያ በዋዛ አይገኝም። ከተማዋ እርስ በርስ የሚፎካከሩ 17 ሰፈሮች አሏት። ሰፈርህን ከተጠየቅክ የተከራየህበትን ንገራቸውና የሚሆነውን ተመልከት። ጆሮህ ግን መጀመሪያ ይቸገራል። ቶስካናዎች «ክ»ን በሁለት አናባቢ መሀል ሲያገኟት ወደ «ህ» ያላሉታል። «ላ ካሳ» «ላ ሃሳ» ይሆናል። ኮካ ኮላ በአጭር ስትሮ ያዘዘ የፍሎረንስ ልጅ «ላ ሆሃ ሆላ ሆን ላ ሃኑቻ ሆርታ» አለ እየተባለ ይቀለዳል። የሲዬና ሰዎችም ከዚህ አይርቁም።

ፔሩጃ ኮረብታ ላይ የተሰቀለች ከተማ ናት። የውጭ ዜጎች ዩኒቨርሲቲዋ ሥራ የጀመረው በ1921 ነው፤ ዋናው ሕንጻ ፓላሶ ጋሌንጋ ከጥንቱ የኤትሩስካውያን በር ፊት ለፊት ቆሟል። ከታች ወደ መሀል ከተማ የምትወጣው በኤስካሌተር ነው፤ መንገዱም ጳጳሱ ጳውሎስ 3ኛ ከተማዋን ለማስገበር ባሠራው ምሽግ ሆድ ውስጥ ያልፋል። ማታ ማታ ሕዝቡ ዋናው ጎዳና ኮርሶ ቫኑቺ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ተማሪው ካቴድራሉ ደረጃ ላይ ይቀመጣል። እዚያ ደረጃ ላይ ከቻይናዊ፣ ከብራዚላዊና ከግሪክ ልጅ ጋር ስትቀመጥ የጋራ ቋንቋችሁ የተሰባበረ ጣሊያንኛ ነው። ማንም ማንንም አያርምም፣ ሁሉም ያወራል። ፔሩጃን የምመርጥልህ ለዚህ ነው። ጁላይ ላይ የኡምብሪያ ጃዝ ፌስቲቫል ስላለ ክፍል ቀደም ብለህ ያዝ።

አሁን ዳንቴ። ኮሜዲያ የሚባለው ረጅም ግጥሙ 100 ካንቶ (ምዕራፍ በለው)፣ 14,233 ስንኝ ነው። በአንድ ወር አይነበብም፤ አነበብኩ የሚልህንም አትመን። በአንድ ወር የሚቻለው አንድ ካንቶ እስኪዋሃድህ መያዝ ነው። እኔ ከዚያም ያነሰ እመክርሃለሁ፤ ፑርጋቶሪዮ በሚባለው ሁለተኛው ክፍል፣ በ5ኛው ካንቶ መጨረሻ ፒያ የምትባል ሴት የምትናገራቸውን 7 ስንኞች።

የእኛ መምህርት ክፍል ገብታ ስለ ዘመኑ ታሪክ ምንም ሳትል ጠረጴዛውን በጣቷ መምታት ጀመረች። አንዱን ስንኝ 11 ቀለም እስኪሞላ ድረስ በየተራ አስቆጠረችን። ቶሎ የገባን እኔና አንዲት ጃፓናዊት ነበርን። እኔ ግጥም በቀለም ሲቆጠር አገር ቤት የሰማሁት ነገር ነው። ከዚያ ቤት አመታቱን አሳየችን። ስንኞቹ ሦስት ሦስት ናቸው። የመካከለኛው ስንኝ ቤት ለሚቀጥሉት ሦስት መነሻ ይሆናል፤ እንዲህ እየተያያዘ ካንቶው እስኪያልቅ ይሄዳል። ስለ ትርጉሙ የተነጋገርነው በመጨረሻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳንቴ በቁሙ ወደዚያኛው ዓለም ሄዷል። በድንገት የተገደሉ ነፍሳት ይከቡታል። ስትመለስ ዘመዶቻችን ጸሎት ያድርጉልን ንገርልን እያሉ ይጋፉታል። ተዝካር የሚያወጣ ሕዝብ ይህንን ልመና ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ሁለት ሰዎች አሟሟታቸውን በረጅሙ ይተርካሉ። ከዚያ አንዲት ሴት ብቅ ትላለች። ስትጀምር «ወደ ዓለም ተመልሰህ ከረጅሙ መንገድ ስታርፍ» ትለዋለች። እስኪያርፍ የምትጠብቀው እሷ ብቻ ናት። ቀጥላ «አስበኝ፣ ፒያ ነኝ» ትላለች። ሕይወቷንም በአንድ ስንኝ ትጨርሰዋለች፤ «ሲዬና ሚ ፌ፣ ዲስፌቼሚ ማሬማ»፤ ሲዬና ሠራችኝ፣ ማሬማ አፈረሰችኝ። ማሬማ በቶስካና ደቡብ ያለ፣ ያኔ ወባ የነገሠበት ቆላ ነው። የገደላት ባሏ ነው ይባላል፤ እሷ ግን በስሙ አትጠራውም። ቀለበት ያደረገልኝ ያውቀዋል ብላ ዝም ትላለች። እነዚህን 7 ስንኞች በቃልህ ይዘህ ከተመለስክ ወሩ አልባከነም።

አንድ የማይነገር ጥቅም አለህ። ጣሊያንኛ ላልቶና ጠብቆ ይነገራል፤ «ፔና» ላልቶ ሥቃይ ነው፣ ጠብቆ ብዕር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህንን ለመስማት ብዙ ይለፋሉ። አንተ ግን «አለ» እና «አለ»ን ስትለይ ያደግክ ልጅ ነህ።

የመጀመሪያው ቀን የደረጃ መለያ ፈተና አለ። ከጓደኛህ አትቅዳ። የሥነ ጽሑፍ ትምህርት በደንብ የሚገባህ ቢ2 ገደማ ስለሆነ ጠዋት ቋንቋ፣ ከሰዓት የሥነ ጽሑፍ ክፍል ብትይዝ ይበቃሃል። ኮርሱ ሲያልቅ የሚሰጡህ ወረቀት መማርህን ብቻ ነው የሚናገረው። ችሎታህን የሚመሰክር ሰርተፍኬት ከፈለግክ ቼሊ የፔሩጃ ነው፣ ቺልስ የሲዬና፣ ለየብቻ ተመዝግበህ የምትፈተነው። ቤት ስትከራይ አበሻ ያለበትን አትፈልግ። ናፍቆትህን እሁድ ትወጣዋለህ። ቡና ደግሞ ባንኮኒው ላይ ቆመህ ጠጣ፤ መቀመጥ ያስከፍላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት። ፍሎረንስ ስድስት ሳምንት የጣሊያንኛና የሥነ ጽሑፍ ኮርስ ካልሄድኩ ትላለች። ዋጋውን ሳየው አናቴን አዞረኝ። ልትማር ነው ፎቶ ልትነሳ? እሷ የአሜሪካ ዜጋ ናት። ታላቅ ወንድሟ በግሪን ካርድ ነው ያለው፣ እሱም አብሬ ልሂድ ይላል። (አንዲት እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ሁለቱንም ታደርጋለች። ፎቶውን ይተዉላት።

ከመክፈልዎ በፊት ግን ጥቂት ነገር ያጣሩ። ሥነ ጽሑፉ የሚሰጠው በየትኛው ቋንቋ ነው? ፍሎረንስ ያሉ ብዙ የአሜሪካ ፕሮግራሞች ዳንቴን የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው። ትምህርቱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን ለጣሊያንኛ የከፈሉትን ገንዘብ አያዋጣም። አፓርታማውን የምትጋራው ከማን ጋር ነው? ከአምስት አሜሪካውያን ጋር ከሆነ ጣሊያንኛው በሩ ላይ ይቀራል። ቤተሰብ ጋር የመኖር አማራጭ ካለ እሱን ይጠይቁ። ክሬዲቱ ለዲግሪዋ እንደሚያዝላት ደግሞ የትምህርት አማካሪዋ በጽሑፍ ይስጣት። ከተመለሰች በኋላ «አይቆጠርም» የተባለች ልጅ አጋጥማኛለች፤ እናትየዋ ያንን ዓመት ትርፍ ሰዓት ስትሠራ ነው የከረመችው። ልጅዎ የፔል ግራንት (የአሜሪካ መንግሥት ገቢያቸው ዝቅ ላለ ተማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍ) ተቀባይ ከሆነች የጊልማን ስኮላርሺፕን ታመልክት፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ የተዘጋጀ ነው።

የወንድምየው ጉዳይ የተለየ ነው። እሷ በአሜሪካ ፓስፖርት እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ትገባለች። እሱ የያዘው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ ግሪን ካርዱ ብቻውን አያስገባውም፤ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ትኬቱን ከመግዛታችሁ በፊት ይህንን እወቁ። ኤርፖርት ላይ የሚታወቅ ነገር እንዳይሆን።

ዋጋው ከአቅም በላይ ከሆነ እዚያው አሜሪካ ሚድልበሪ ኮሌጅ በክረምት የሚሰጠው የቋንቋ ትምህርት አለ። ተማሪዎቹ ከሚማሩት ቋንቋ ሌላ ላለመናገር ቃል ገብተው ይፈርማሉ። ርካሽ ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን የገንዘብ ድጋፍ አለው። ለቋንቋው ብቻ ከሆነ በእንግሊዝኛ ከሚያልፍ ስድስት የፍሎረንስ ሳምንት ይበልጣል ባይ ነኝ።

መማሯን ለማወቅ ከፈለጉ ደግሞ ስትመለስ አንድ ነገር ይጠይቋት፤ ዳንቴ የተቀበረው የት ነው? «ሳንታ ክሮቼ ቤተ ክርስቲያን» ካለችዎ ያየችው ባዶ የመታሰቢያ ሣጥን ነው። ሰውየው በ1302 ከፍሎረንስ በፖለቲካ ተባርሮ ሳይመለስ በ1321 ራቬና ሞተ፤ አጽሙም እዚያው ራቬና ነው። ፍሎረንስ አጽሙን ደጋግማ ጠይቃ ተከልክላለች፤ ዛሬ ለመቃብሩ መብራት በየዓመቱ ዘይት ትልካለች። የከተማዋ ምክር ቤት ፍርዱን የሻረው በ2008 ነው! «የዳንቴ ቤት» ተብሎ የሚጎበኘውም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንደገና የተሠራ ነው። ከእሱ ይልቅ በመሀል ከተማው ግድግዳዎች ላይ የተለጠፉትን፣ የኮሜዲያው ስንኞች የተቀረጹባቸውን የእብነ በረድ ሰሌዳዎች ብታነብ ይሻላል። በነጻ ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። ዕረፍቴ ኦገስት ብቻ ነው። ይሆናል? (ሰናይት ነኝ)

መልስ፦ ይሆናል፣ ሰናይትዬ። ኦገስት 15 ፌራጎስቶ ነው፤ በዚያ ሳምንት ሱቅ ይዘጋል፣ ቢሮ ይዘጋል፣ ሰዉ ባሕር ይወርዳል። የዩኒቨርሲቲ ኮርሶች ግን ብዙዎቹ አይቋረጡም፤ ስትመዘገቢ የበዓሉን ቀናት ጠይቂ። ቪዛውን የምታመለክቺው ከምትኖሪበት ከኤምሬትስ ነው። የመኖሪያ ፈቃድሽ ከተመለስሽ በኋላም ጥቂት ወራት የሚቀሩት ይሁን። ፓስፖርትሽም ከሸንገን ከምትወጪበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ የአርበኛ ልጅ ነኝ። የልጅ ልጄ ጣሊያንኛ ካልተማርኩ ብሎ ቤቱን አመሰው። የካቲት 12ን ያደረጉብንን ሰዎች ቋንቋ በገንዘባችን ከፍለን እንማር? እርስዎስ አያሳፍርዎትም? (አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጋሼ፣ አያሳፍረኝም። ቁጣዎን ግን አከብራለሁ፤ በቤታችንም የተነገረ ነገር ነው።

በእኛ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ግራዚያኒ ያስፈጀው ሕዝብ የሞተበት ትእዛዝ የተጻፈው በጣሊያንኛ ነው። በመርዝ ጋዙ ጉዳይ የተላለፉት ቴሌግራሞችም እንዲሁ። ጣሊያን ለአሥርት ዓመታት አልተደረገም ስትል ቆይታ፣ አንጄሎ ዴል ቦካ የሚባል የገዛ አገሯ ታሪክ ጸሐፊ መዛግብቱን አውጥቶ ተሟገተ። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ጋዝ መጠቀሙን ያመነው በ1996 ነው። እነዚያን ወረቀቶች ራሱ አንብቦ የሚከራከር አንድ ተጨማሪ ኢትዮጵያዊ ቢኖረን ምን ይጎዳናል?

የክረምት ኮርስ ይህንን አያስተምረውም፤ ይህንን ልንገርዎ። ስለ ሥዕል፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ዳንቴ ነው የሚያወሩት። የልጅ ልጅዎ ራሱ ጠይቆ ያንሳው። የጣሊያን ትልቁ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ስትሬጋ በ1947 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ያሸነፈው የኤንዮ ፍላያኖ ልብ ወለድ ታሪኩ የሚፈጸመው ኢትዮጵያ ነው። ጸሐፊው በዚያው ወረራ የዘመተ መኮንን ነበር። ስለ አንዲት ኢትዮጵያዊትና ስለ ገደላት የጣሊያን መኮንን ነው። እኔ ሳነበው ተናድጃለሁ፤ ሴትየዋ በመጽሐፉ ውስጥ ድምፅ የላትም። ይህንን ሲጨርስ በ1965 አዲስ አበባ የተወለደችውን ጋብሪዬላ ጌርማንዲን ያንብብ። እሷ በጣሊያንኛ በ2007 ባሳተመችው ልብ ወለድ የወረራውን ዘመን በእኛ ሰዎች አፍ ታስተርከዋለች። መምህሩ አላውቃትም ሊል ይችላል። ያኔ ልጁ ያስተዋውቀው።

በ2012 ሮም አጠገብ አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሠርተውለታል። ብዙ ጣሊያናውያን ተቃውመዋል። ልጁ ከእነሱ ጋር በቋንቋቸው ቢነጋገር እወዳለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ሮም ከገባሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ባዳንቴ ነኝ፣ አንዲት አሮጊት እጠብቃለሁ። ጣሊያንኛዬ የኩሽናና የፋርማሲ ነው። አፌ አይያዝም፣ መጽሐፍ ግን አንድም አንብቤ አላውቅም፤ ስጽፍም አፍራለሁ። ኦገስት ላይ ልጆቿ ሴትዮዋን ይዘው ባሕር ይሄዳሉ፣ እኔ ፌሪየ፣ የዓመት ዕረፍት፣ እወጣለሁ። በ54 ዓመቴ ከልጆች ጋር ክፍል ብቀመጥ አይስቁብኝም? የዜግነቱም ፈተና ያሳስበኛል። (ወ.፣ ከሮም)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከሁሉም በላይ ኮርሱ የሚጠቅመው አንቺን ነው።

መብትሽን አስቀድሜ ልንገርሽ። በቤት ሠራተኞች ውል መሠረት በዓመት 26 የሥራ ቀን ዕረፍት አለሽ፣ ከነደመወዙ። እነሱ ባሕር ስለሄዱ ደግ ሆነው የሚሰጡሽ ነገር አይደለም። ቀኑን ቀደም ብለሽ በጽሑፍ ተነጋገሪ። አለዚያ ኦገስት 10 ላይ ተደውሎ «እማማ አልተስማማትም፣ ነይ» ይመጣል። ስንቱን አይተናል።

የደረጃ ፈተናው ላይ ግራ ትጋቢያለሽ። ንግግርሽ ላይኛው ክፍል ያስገባሻል፣ ጽሑፍሽ ታችኛው። ለአስተማሪዋ በቃል ፈተናው ላይ ሳታፍሪ እውነቱን ንገሪያት፤ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም በያት። እንዳንቺ ያሉ ተማሪዎች ስለሚመጡ የት እንደምታስቀምጥሽ ታውቃለች። ሮማውያኑ ያስተማሩሽን የሰፈር አነጋገር፣ «አንናሞ» እና «ዳዬ»ን፣ ክፍል ውስጥ ያዝ አድርጊው። እረፍት ላይ ልቀቂው፤ ልጆቹ ይወዱታል።

ሁሉም የሚፈራውን ኮንጁንቲቮ የሚባለውን የግሥ እርባታ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሴትዮዋን በአክብሮት አይደል የምታናግሪያት? ጠዋት «ሲ ሲዬዳ፣ ሲኞራ» ትያታለሽ፣ ይቀመጡ። «ቤቫ» ትያታለሽ፣ ይጠጡ። «ፕሬንዳ ላ ፓስቲሊያ»፣ ኪኒኑን ይውሰዱ። እነዚህ ሁሉ ኮንጁንቲቮ ናቸው። የሃያ ዓመት ተማሪ በሠንጠረዥ ሲያጠናው የሚያለቅስበትን አንቺ ከኪኒን ጋር ስትሰጪው ኖረሻል። አስተማሪዋ ሰሌዳ ላይ ስትጽፈው አፍሽ ቀድሞ ይመልስልሻል። የሚጎድልሽ እጅሽ እንዲጽፈው ማልመድ ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ አራት ሳምንት ብዙ ነው።

የመጀመሪያ መጽሐፍሽ ዳንቴ አይሁን። የናታሊያ ጊንዝበርግን «ሌሲኮ ፋሚሊያሬ» ከሮም ማዘጋጃ ቤት ቤተ መጻሕፍት ተዋሺ። በ1963 ስትሬጋ ያገኘ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፤ አንቺ የምታውቂው ጣሊያንኛ ነው። ምግብ ጠረጴዛ ላይ ይጀምራል፤ ልጆቹ ብርጭቆ ሲደፉ አባትየው ያንባርቃል። ከዚያ መጽሐፉ በሙሉ ያ ቤተሰብ ደጋግሞ ስለሚላቸው ነገሮች ነው፤ የእናት ቀልድ፣ የአባት ቁጣ፣ የአክስት አባባል። በመሀሉ ፋሺስቶች ይመጣሉ፣ ሰው ይታሰራል፣ የጸሐፊዋም ባል እስር ቤት ይሞታል፤ እሷ ግን ድምጿን ከፍ አታደርግም። አንቺ በሰው ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ የእነሱን ቁጣና ቀልድ ስትሰሚ ኖረሻል። ክፍል ውስጥ ካሉት ሁሉ ይህ መጽሐፍ ቀድሞ የሚገባው ላንቺ ነው። ማታ ማታ አንድ ገጽ ጮክ ብለሽ አንብቢ።

ዜግነቱን በተመለከተ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ የቢ1 ሰርተፍኬት ይጠየቃል። የሚቀበሉት የፔሩጃ፣ የሲዬና፣ የሮማ ትሬ ዩኒቨርሲቲዎችንና የዳንቴ አሊጊዬሪ ማኅበርን ነው። ሰፈር ውስጥ በሦስት ቀን እናወጣልሻለን ለሚል ሰው ሳንቲም እንዳትሰጪ። ደግሞ የረጅም ጊዜ የአውሮፓ ኅብረት የመኖሪያ ፈቃድ፣ እናንተ «ካርታ ዲ ሶጆርኖ» የምትሉት ካለሽ፣ ከፈተናው ነጻ ነሽ። መጀመሪያ ቦርሳሽን ክፈቺና ካርድሽ ላይ የተጻፈውን እይ። ሴፕቴምበር ላይ መቀጠል ከፈለግሽ ቺፒያ የሚባሉት የመንግሥት የጎልማሶች ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በየሰፈሩ ናቸው፣ ክፍያቸውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ይስቁብኛል ላልሽው፣ አይስቁብሽም። ሁለተኛው ቀን ላይ የውኃ ማሞቂያው ተበላሽቶ አከራያቸው ስልክ የማያነሳላቸው ልጆች ይከቡሻል፤ ደውለሽ አናግሪልን ይሉሻል። አንድ ጊዜ ደውይላቸው። ከዚያ በኋላ ስልኩን መልሺላቸውና ራሳቸው ይደውሉ፤ ሊማሩ አይደል የመጡት?